ከፖቶማክ ዳር እስከ ሼናንዶዋ፤ ድብን ጎረቤት ማድረግ

አርሊንግተን ከዋሽንግተን ከተማ ማዶ፣ በፖቶማክ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ የሰፈረ፣ የቆዳ ስፋቱ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ወደ 240,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት የቨርጂኒያ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ የሚባለው ከስቴቱ በታች ያለ፣ የራሱ ተመራጭ ቦርድና የራሱ በጀት ያለው የአስተዳደር እርከን ነው። ፔንታገንን፣ ብሔራዊውን መካነ መቃብርና የሜትሮ ባቡር ጣቢያዎችን ተከትለው የተደረደሩትን ፎቆች ብቻ አይቶ የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ስፍራ የአራዊት መኖሪያ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ይሁንና ከፎቆቹ ግርጌ ሌላ ካርታ አለ። ፎር ማይል ረን፣ ዶናልድሰን ረን፣ ዊንዲ ረንና ጋልፍ ብራንች የተባሉት ጅረቶች ወደ ፖቶማክ ሲወርዱ፣ ገደላማ ወይም ለጎርፍ የተጋለጡ በመሆናቸው ቤት ሳይሠራባቸው የቀሩት ዳርቻዎቻቸው ለአጋዘን፣ ለቀበሮና ለራኩን መተላለፊያ ሆነዋል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ አልፎ አልፎ ጥቁር ድብ ይታይባቸዋል።

በዚህ አካባቢ፣ ማለትም በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በወንዙ ማዶ ባለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ እንደሚኖር ይታወቃል። ከሰሃራ በስተደቡብ የድብ ዘር ስለሌለ፣ በሰሜን አፍሪካ አትላስ ተራሮች የነበረውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለጠፋ፣ ለኢትዮጵያዊ ድብ ከመጽሐፍ የሚታወቅ እንስሳ ነው፤ ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል ሲናገር የሚሰማው ሰው አንበሳውን ከአገሩ ያውቀዋል፣ ድቡን ግን በግምት ይቀበለዋል። ስለዚህ ከሐረር ወይም ከደብረ ብርሃን መጥቶ በኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ የሰፈረ ቤተሰብ የሌሊት አውሬን ጉርብትና ከጅብ የተማረ፣ ድብን ግን በልጆቹ አሻንጉሊት የተዋወቀ ነው።

አሻንጉሊቱም የዚሁ አካባቢ ታሪክ አለው። ከአርሊንግተኑ የሮዝሊን ፎቆች ፊት ለፊት፣ በፖቶማክ መካከል የሚገኘውና ከቨርጂኒያ ወገን በእግረኛ ድልድይ ብቻ የሚገባበት ደን የለበሰ ደሴት በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስም ተሰይሟል፤ ሐውልታቸው በ1967 ተመርቋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሩዝቬልት በኅዳር 1902 በሚሲሲፒ ለአደን ወጥተው፣ አጃቢዎቻቸው ይዘው ከዛፍ ጋር ያሰሩትን ድብ አልተኩስም ማለታቸውን ክሊፎርድ ቤሪማን የተባለ ሠዓሊ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ በካርቱን አወጣው፤ ከዚያም የፕሬዚዳንቱን የቁልምጫ ስም የያዘው ቴዲ ቤር ለገበያ ቀረበ። ካርቱኑ ያልተናገረው ድቡ በመጨረሻ ከመገደል አለማምለጡን ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በኒው ሜክሲኮ ከደን ቃጠሎ የተረፈ ግልገል ወደ ዋሽንግተኑ ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ መጥቶ፣ ከ1950 እስከ 1976 የሰደድ እሳት ማስጠንቀቂያ ምልክት የሆነው ስሞኪ ሆኖ ኖረ። ዋና ከተማይቱ ድብን የምታውቀው በአሻንጉሊትና በፖስተር ሆኖ መቆየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በቨርጂኒያ በዱር የቀሩት ድቦች በምዕራቡ ተራሮችና በደቡብ ምሥራቁ የዲስማል ረግረግ የተወሰኑ ነበሩ።

ደኑ ተመንጥሮ ነበር፤ አደኑም ገደብ አልነበረውም። ያልተጠበቀው ነገር የድቦቹ መመለስ ነው። የተተዉ እርሻዎች መልሰው ደን ሲሆኑ፣ የአደን ወቅትና ቁጥር በሕግ ሲወሰን፣ ብሔራዊ ደኖችና ፓርኮች ሲከለሉ፣ ድቡ ቀስ በቀስ ከተራራው ወረደ፤ የስቴቱ የዱር አራዊት ሀብት መሥሪያ ቤት ዛሬ በቨርጂኒያ ከ18,000 እስከ 20,000 ጥቁር ድቦች እንደሚኖሩ ይገምታል። ተኩላውና ኩጋር የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ድመት ከአካባቢው ስለጠፉ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ከቀደመው ዘመን የቀረው ትልቅ አውሬ ድቡ ነው ማለት ይቻላል። በተኩላው እግር የተተካው ኮዮቴ፣ ከቀበሮ የሚተልቅ ከተኩላ የሚያንስ አዳኝ፣ ከምዕራብ በራሱ ጊዜ መጥቶ በ2004 በዋሽንግተኑ ሮክ ክሪክ ፓርክ መኖሩ ተረጋግጧል።

ድብ በአርሊንግተን ለምን በግንቦትና በሰኔ እንደሚታይ ለመረዳት የእናቲቱን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁር ድብ በብርድ ወራት በዛፍ ቀፎ፣ በዓለት ሥር ወይም በቁጥቋጦ መካከል ተኝታ፣ በጥር ወር ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይመዝኑ ግልገሎች ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ቀጣዩን የብርድ ወቅት ከእርሷ ጋር አሳልፈው፣ በሁለተኛው ዓመት ግንቦትና ሰኔ እናታቸው ዳግም ለመጠቃት ስትዘጋጅ ከአጠገቧ ይባረራሉ። ሴቶቹ በእናታቸው ግዛት አካባቢ ቦታ ያገኛሉ፤ ወንዶቹ ግን ከጎልማሳ ወንዶች ሸሽተው፣ የራሳቸውን ስፍራ ፍለጋ የጅረት ዳርቻን እየተከተሉ ርቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ በአርሊንግተን ጓሮ ጠዋት የሚታየው ድብ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሊበላ የመጣ አውሬ ሳይሆን፣ ዕድሜው ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው፣ ከቤቱ የተባረረና መንገድ የጠፋው ጎረምሳ ነው። ጁን 9 ቀን 2023 በሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን በብሩክላንድ ሰፈር ዛፍ ላይ የወጣው ድብ የዚህ ዓይነቱ ነበር፤ ሕዝብ ከብቦት፣ የቴሌቪዥን ካሜራ ተተክሎበት፣ በማደንዘዣ ተወግቶ ወደ ሜሪላንድ ዱር ተወሰደ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ለተመልካች የሚያስደስት አይደለም፤ ውሻን ወደ ቤት ማስገባት፣ ሰውን ከዛፉ ሥር ማራቅና ድቡን መተው ነው፤ ሲመሽና ሲጸጥ በመጣበት ይወርዳል። ሊሸሽ የሚችልበት መንገድ ካለው ድብን አደንዝዞ ማዛወር የመጀመሪያው አማራጭ የማይሆንበት ምክንያት፣ የተዛወረው ድብ ብዙ ጊዜ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ሲመለስ አውራ ጎዳና ላይ ስለሚሞት፣ ባዶ የሚመስለው ደንም በሌሎች ድቦች የተያዘ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ያጋጠመው ሰውም መሮጥ የለበትም፤ ቀና ብሎ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተናገረ፣ ጀርባውን ሳይሰጥ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይገባዋል። ጅብ ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ምክር ለመቀበል ብዙም አይቸገር ይሆናል።

ዋናው ጉዳይ ግን ምግብ ነው። ድብ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለብርዱ እንቅልፍ ስብ ሲያጠራቅም በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ሊበላ ይችላል፤ ይህም የአንድ ጎልማሳ ሰው የስምንትና የአሥር ቀን ቀለብ መሆኑ ነው። ይህን በደን ውስጥ ከኦክ ፍሬ፣ ከቤሪና ከነፍሳት ለመሰብሰብ ቀኑን ሙሉ መልፋት ሲኖርበት፣ በወፍ መመገቢያ ዕቃ ውስጥ ያለ የሱፍ ፍሬ፣ በረንዳ ላይ የተረሳ የውሻ ምግብ፣ ስብ የጠጣ የሥጋ መጥበሻ ወይም ክዳኑ የላላ የቆሻሻ በርሜል በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ካሎሪ ይሰጠዋል። ድብ ደግሞ ያገኘበትን ቦታ አይረሳም። በመሆኑም በቨርጂኒያ ድብን መመገብ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ክልከላው ሆን ብሎ በማቅረብ ብቻ ሳይወሰን ድብ መለማመዱ እየታወቀ ምግብን በቸልታ መተውንም ይጨምራል። የስቴቱ የዱር አራዊት ሀብት መሥሪያ ቤትም ድብ በሚንቀሳቀስበት ወቅት የወፍ መመገቢያዎች እንዲወርዱ ይመክራል፤ ቀፎ ያለው ንብ አርቢ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አጥር ማሩን ለራሱ ማቆየት አይችልም።

ከዚህ ሕግ ጋር የሐረርን ልማድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተቃርኖ ይመስላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባው የጁገል ግንብ ከሰው በሮች ሌላ ለጅብ መግቢያ የሚያገለግሉ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ጅቦቹ በሌሊት ገብተው የከተማይቱን አጥንትና ትርፍራፊ ያነሣሉ፤ ከግንቡ ውጭ ደግሞ ጅብ መጋቢዎች ማታ ማታ በስማቸው እየጠሩ ሥጋ ያጎርሷቸዋል። በዓሹራ ዕለት ለጅብ የሚቀርበው ገንፎ ከቱሪስቱ ትርኢት እጅግ የቀደመ ሥርዓት ነው። ቨርጂኒያ በሕግ የከለከለችውን ሐረር በሥርዓት አጸናችው፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ። አውሬው ምን፣ የትና መቼ እንደሚያገኝ የሚወሰነው በአንድ ሰው ቸርነት ወይም ግዴለሽነት ሳይሆን በማኅበረሰቡ ስምምነት ነው። በሐረር ጅቡ የሚጠብቀው ሰዓትና ቦታ አለው፤ በቨርጂኒያ ድቡ ከሰው ቤት ምንም እንዳይጠብቅ ይደረጋል። ጉዳት የሚበዛው በሁለቱ መካከል፣ ማንም መጋቢ ነኝ ሳይል ሁሉም በሚመግብበት ስፍራ ነው። የአዲስ አበባ ጅቦች ዕጣ ይህ ነው፤ ከተማይቱ በቄራ ተረፈ ምርትና በየወንዙ በሚጣል ቆሻሻ ስትቀልባቸው ኖራ፣ ሲበዙ ደግሞ ጥፋቱ የእነርሱ ይሆናል።

የሰው ማዕድ የአውሬን ሆድ እንዴት እንደሚመራ በቁጥር ያሳየው ከትግራይ የተገኘው ጥናት ነው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘን ፀጉር በመለየት፣ ጅቦቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ ምን እንደበሉ መርምረዋል። ምእመናኑ ለ55 ቀን ከሥጋ ሲከለከሉ የሚታረድ ከብት ስለሚጠፋ፣ አጥንትና ቆዳ ያጣው ጅብ ወደ አህያ አደን ዞሮ፣ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረበት 14.8 በመቶ በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ አሻቅቦ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወርዷል። የጅቡ ጾምና ፍስክ በሰው ጾምና ፍስክ ይወሰናል ማለት ነው፤ ሰው ሲጾም ዋጋውን የምትከፍለው አህያ ናት። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቐለ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት በድን እንደሚያነሡና በዚህም አባ ሰንጋን የመሰሉ በሽታዎችን እንደሚቀንሱ አስልቷል፤ ጅብን በክፉ ብቻ ለሚያነሣ ሰው ይህ ቁጥር መልካም መልስ ነው።

ይኸው የማዕድ ነገር ወደ አርሊንግተን ሲመለስ የራሱን መልክ ይይዛል። የኦርቶዶክስ ፋሲካ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ስለሚውል፣ ከሁለት ወር ጾም በኋላ በየቤቱ በግ የሚበለትበት፣ ዶሮ የሚሠራበትና በጓሮ ሥጋ የሚጠበስበት ሰሞን ድቦች ከእንቅልፍ ነቅተው፣ ጎረምሶቹም ከእናታቸው ሊለዩ ከሚቃረቡበት ወቅት ጋር ይገጥማል። አርሊንግተን ከመስከረም 2021 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊን፣ ሥጋና አጥንትን ጨምሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከየቤቱ ደጅ እየሰበሰበ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ይለውጣል፤ ይህ ለምድሪቱ መልካም ቢሆንም፣ አጥንት ለስድስት ቀን በበርሜል ውስጥ ደጅ ሲቀመጥ ለራኩንና ለቀበሮ፣ ዕድሉ ከገጠመው ለድብም ጥሪ ይሆናል። መፍትሔው ቀላልና አሰልቺ ነው፤ አጥንቱን በከረጢት አስሮ እስከ መሰብሰቢያው ዋዜማ በፍሪዘር ማቆየትና በርሜሉን ጠዋት ማውጣት ነው። በአፓርታማ የሚኖረው ብዙው ኢትዮጵያዊ ይህ አይመለከተውም፤ ግን የቤት ዋጋ እየገፋው ወደ ፕሪንስ ዊሊያምና ወደ ላውደን ካውንቲዎች የሚወጣው ባለ ጓሮ ቤተሰብ በየዓመቱ ወደ ድቡ አገር እየቀረበ ነው።

በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያስቸግረው በእርግጥ ድቡ ሳይሆን ትናንሾቹ ናቸው። ጎመንና ቆስጣ በጓሮው የተከለ ሰው ቡቃያው ከአንድ ሌሊት የአጋዘን ጉብኝት በኋላ ግንዱ ብቻ ቀርቶ ሊያገኘው ይችላል፤ አጋዘን ካለባቸው ስፍራዎች የማትጠፋው ባለ ጥቁር እግር መዥገርም ላይም የተባለውን፣ ካልታከመ መገጣጠሚያንና ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ታስተላልፋለች። በሮክ ክሪክ ፓርክ አጋዘኖቹ የደኑን ችግኝ እየጨረሱ በመሄዳቸው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከ2013 ጀምሮ በተኳሾች ቁጥራቸውን ሲቀንስ፣ ሥጋው ለችግረኞች ምግብ ይሰጣል። የእብድ ውሻ በሽታም ሌላው ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ አዳኞች ከደቡብ አምጥተው በዌስት ቨርጂኒያና በቨርጂኒያ ወሰን በለቀቋቸው ራኩኖች በኩል በመላው ምሥራቅ የተዛመተው ቫይረስ ዛሬም አልጠፋም፤ በሚያዝያ 2022 በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ አካባቢ አንድ የምክር ቤት አባልን ጨምሮ ሰዎችን የነከሰችው ቀበሮ በምርመራ በሽታው ተገኝቶባታል። ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በባሌ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው ይኸው በሽታ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱትን ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ ስለፈጀ፣ ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ እንዲበሉት ይደረጋል፤ ክትባትን በጉርሻ መስጠት ራኩኖቹም የሚጠበቁበት ዘዴ ነው።

ከአርሊንግተን ተነሥቶ 66 ቁጥር አውራ ጎዳናን ወደ ምዕራብ የያዘ መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ፍሮንት ሮያል ከተባለችው ከተማ ይደርሳል፤ 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና በሰማያዊው ሰንሰለታማ ተራራ ራስ ላይ የተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ይህ መንገድ ከዋሽንግተን አካባቢ በሚመጡ መኪናዎች ይሞላል፤ ምሳውን በድስት ይዞ የሚወጣ የሐበሻ ቤተሰብም ከመካከላቸው አይጠፋም። የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1935 ሲመሠረት በክልሉ ድብ የለም ሊባል የሚችልበት ደረጃ ላይ ነበር፤ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። በድንኳን መስፈሪያዎቹ የብረት የምግብ ሣጥኖች ተተክለዋል፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹም መዝጊያቸው የሰው ጣት እንጂ የድብ መዳፍ እንዳይከፍታቸው ተደርጎ የተሠራ ነው። የአውሬው ሰላም የተመካው በእነዚህ ብረቶች ላይ መሆኑን ተራራውን ለፎቶግራፍ ብቻ የወጣ ሰው አያስተውለውም።

ፓርኩ ግን ባዶ ምድር ላይ አልተከለለም። በዚያ ተራራ አትክልትና በቆሎ እያመረቱ፣ ከብት እያረቡ፣ የቼስትነት ፍሬ ለቅመው እየሸጡ ይኖሩ የነበሩ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች በ1930ዎቹ ከመሬታቸው ተነሥተዋል፤ የስቴቱ መንግሥት መሬቱን በሕግ ኃይል ሲወስድ፣ ያገር ሹማምንትና ጋዜጦች ሰዎቹን ኋላ ቀርና ምስኪን አድርገው መሳላቸው ለማስነሣቱ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ግጭን ያስታውሳል። በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ፣ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ፓርክ በቀጣዩ ዓመት ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያና ጭላዳ መትረፋቸው እውነት ነው፤ ድቡ መመለሱም እውነት ነው። ከአውሬ ጋር ተከባብሮ መኖር የሚባለው ነገር ግን በሁለቱም አገር አንዱን ወገን ከቤቱ በማስነሣት የተገኘ ሰላም መሆኑን የፓርኮቹ የጎብኚ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ አሳጥረው ማለፋቸው አይካድም። በመንዝ ጓሳ ሣር አጫጁና ቀይ ቀበሮው በአንድ ምድር የኖሩበት ጥንታዊው የቄሮ ሥርዓት ሌላ መንገድ እንደነበረ ያስታውሳል፤ እርሱም ቢሆን ከአብዮቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ በሌላ መልክ የተጠገነ ነው።

ዛሬ በሼናንዶዋ ደን መካከል የጠፉት ሰዎች ምልክት የድንጋይ ካብ፣ የጭስ ማውጫ፣ የቤተሰብ መካነ መቃብርና የፖም ዛፍ ነው። ቼስትነቱ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በገባ የፈንገስ በሽታ ስለጠፋ፣ የድቡ የመኸር ቀለብ በኦክ ፍሬ ላይ ወድቋል፤ ኦክ ደግሞ በየዓመቱ እኩል አያፈራም። ፍሬው በከሸፈበት ዓመት ድቦቹ ለመብል ርቀው ይንቀሳቀሳሉ፤ ወደ ሸለቆው እርሻና ወደ ከተሞቹ ዳርቻም የሚወርዱት ይበዛሉ። ከዚያ በፊት ግን ገበሬዎቹ ተክለው በተዉአቸው የፖም ዛፎች ሥር ይሰማራሉ፤ ቅርንጫፉን ሰብረው፣ የወደቀውን ለቅመው ይበላሉ። ጎብኚም ለራሱ የሚሆን መጠነኛ ፍሬ ከእነዚህ ዛፎች መልቀም ይፈቀድለታል፤ የለቀመውን ለድብ ቢሰጥ ግን በፌዴራል ሕግ ይቀጣል።